ነጭ ፊትና የዞረ ሸራ

ጀልባዋ መልህቅ ሳትጥል ዞረች።

አቲጃ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ቆማለች። አዲስ ጀልባ ናት፤ ጣውላዋ ገና አልጠቆረም፣ ነጭ ሸራዋን ገና ፀሐይ አልበላውም። መሪውን የያዘውን ሰው ፊቱ ሳይታያት በአቋቋሙ ነው የለየችው። ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ መሪ የሚይዝ ሰው በኢቦ ደሴት አንድ ብቻ ነው። ቻሌ! ስንት ክረምት የጠበቀችው ቻሌ! ጀልባዋ ስትጠጋ ጥርሱ ታያት፤ እየሳቀ ነበር። እጇን አነሳች። እሱም ፊቷን አየ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ፣ አንገቱን ደፋ፣ ሸራውን አዙሮ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

«ቻሌ! አንተ ቻሌ!»

ማን ይስማት? ድምፅዋን ነፋሱ ወደ መንደሩ ወሰደው።

እናንተዬ፣ ደጅ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከቀረ ሰው ይብሳል። አቲጃ ምን እንዳጠፋች ልታስብ እጇን ጉንጯ ላይ ጣል አደረገች። ጣቶቿ ነጭ ሆነው ተመለሱ። ያኔ ገባት። እዚያው ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

«ወይኔ ጉዴ! ሙሲሮው!»

በእነ አቲጃ አገር ሴቶች የሙሲሮ እንጨት ድንጋይ ላይ በውሃ ይፈገፍጉና ነጩን ቅባት ፊታቸው ላይ ያደርጋሉ። ልጃገረድ ጉንጯ ላይ ነጠብ ነጠብ ታደርገዋለች፤ ለውበት ነው። ከግንባሯ እስከ አገጯ ሙሉ በሙሉ የምትቀባው ግን ባሏ ባሕር ላይ ያለ ሴት ናት። በየማለዳው ትቀባለች፤ ባሏ በሰላም የገባ ዕለት እሱ በእጁ በሚያፈስላት ውሃ ትታጠባለች። እንዲህ የተቀባችን ሴት ሌላ ወንድ ትኩር ብሎ አያይም። ነውር ነው።

አቲጃ ደግሞ ባል የላትም። ቻሌ በአባቷ ጀልባ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ነበር፤ የእሱ አባት የጀልባ ስንጥቅ በጥጥና በዘይት እየጠቀጠቀ የኖረ ድሃ ነው። የእሷ አባት ናሆዳ ናሶሮ ናቸው። በዚያ ባሕር የጀልባ አለቃ ናሆዳ ይባላል፤ እሳቸው ግን አለቃም ባለቤትም ነበሩ፣ በራቸው እንኳን የተቀረጸ ነው። ቻሌ ሽማግሌ ሲልክ ከት ብለው ሳቁና፣ «ልጄን በሰው ጀልባ ላይ ለሚቆም ሰው አልሰጥም። የራሱን ጀልባ ይዞ ይምጣ» አሉ። ቻሌ በማግስቱ ወደ ደቡብ ሄደ። አቲጃም በዚያው ማለዳ እንጨቱን ፈግፍጋ ፊቷን ሙሉ ተቀባች። መንደሩ ጉድ አለ። «ለማን ነው?» ሲሏት «ለሚመጣው» ትላለች። ናሆዳ ናሶሮ ቁርስ ላይ አይተዋት፣ «ይቺ ልጅ ዱቄት ውስጥ ወደቀች እንዴ?» ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊቷ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ለእሱ የተቀባችው ፊት እሱን አባረረው።

አክስቷ ቢቢ ዛይና፣ የናሆዳ ናሶሮ ታላቅ እህት፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እያለከለኩ ደረሱ።

«ተነሺ! ምነው፣ ዓሣ ሆንሽ እንዴ?»

«ያገባሁ መሰለው፣ ቢቢ። ፊቴን አይቶ ሄደ!»

«ውይ አንቺ ልጅ! እኔ ነጠብ ነጠብ አድርጊው አላልኩሽም?» ብለው ሊቆጧት ጀመሩና ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይተው ተዉት። «ደግሞ የሙዋናሻ ሠርግ ከበሮ ፔምባ ከተማ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። በናሶሮ ቤት ሠርግ ነበር ብለውት ይሆናል። የትኛዋ ልጅ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ የት አለ?»

ሙዋናሻ የአቲጃ ታናሽ እህት ናት፤ በበጋው ነው የተዳረችው።

«አሁን የት ይሄዳል?» አለች አቲጃ።

ቢቢ ዛይና ወደ ባሕሩ አዩ። የሰሜኑ ነፋስ ደክሟል፤ ወቅቱ እያለቀ ነው። «አጎቱ ከድንበሩ ማዶ ምትዋራ ነው ያለው። የደቡቡ ነፋስ እስኪነሳ አንዱ ማደሪያ ተሸሽጎ ይጠብቃል። ነፋሱ የተነሳ ዕለት ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ታንዛኒያ ከገባ ደግሞ ማን ያገኘዋል? ስልክ እንደሆነ ፖስታ ቤት ነው ያለው፣ ባሕር ላይ አይደለም።»

አቲጃ እንደራሰች ወደ ቤት ሮጠች።

ናሆዳ ናሶሮ በተቀረጸው በራቸው ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ከዚያ በር ወደቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አባባ፣ ጀልባ ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«አይተዋል እኮ!»

«ምን አየሁ? አንዲት ጀልባ ገብታ ወጣች። የማን እንደሆነች በምን አውቃለሁ?» አሉና መቁጠሪያውን ሁለት ፍሬ አሳለፉ። «ምሰሶዋ ግን ደህና ነው። ከጎኗ ሰፋ ትላለች። ማን ሠራት?»

«የራሱን ጀልባ ይዞ ይምጣ ያሉት እርስዎ ነዎት። ይዞ መጣ። እኔ እሄዳለሁ፤ ጀልባ ከከለከሉኝ በታንኳ እሄዳለሁ፤ ታንኳ ከከለከሉኝ በዋና!»

እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ራሷም ደነገጠች። ሽማግሌው ግን መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ።

«ነገ ባሕሩ ሲሞላ እንወጣለን። እኔ የምሄደው ጀልባዋን በቅርብ ለማየት ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።»

«አዎ፣ እኔም የምሄደው የሸራ ጨርቅ ለመግዛት ነው!» አሉ ቢቢ ዛይና ከጓሮ። ስንቅ መቋጠር ጀምረው ነበር።

አቲጃ ዞራ አለቀሰች። እንባው ግን የተስፋ ነበር።

*

የዋናው ምድር ዳርቻ ከኢቦ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሰው የለበትም። ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ የሰደደ የማንግሮቭ ዛፍ፣ አሸዋ፣ ደግሞ ማንግሮቭ፤ በየመሃሉ መርከብ የማታውቀው፣ ባለ ሸራ ጀልባ ብቻ የምትገባበት ጎድጓዳ ማደሪያ አለ። የእነዚያን ቦታዎች ስም አቲጃ አንድ ባንድ ታውቃለች። ሌላው ጎረምሳ ከጉዞ ሲመለስ ሻሽ ያመጣል፣ ሽቶ ያመጣል። ቻሌ ግን የማደሪያ ስም ነበር የሚያመጣላት። በጓሮ አጥር አጠገብ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ፣ «የኤሊ ሆድ አደርን። ክብ ነው፣ ውሃው እንደ ሻይ ይሞቃል» ይላታል። ሌላ ቀን፣ «የአሮጊት ጓዳ። ነፋስ የማይገባበት» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ጆሮ አልባ የሚባል አለ። ማዕበሉ አይሰማም፣ ወፍ እንኳ አይጮህም። ሰው ልቡ ሲሰበር የሚሄድበት ነው» አላት። «አንተ ልብህ ተሰብሮ ያውቃል?» አለችው። «አልተሰበረም፤ ከተሰበረ ቦታውን አውቄዋለሁ» ብሏት ሳቀ። የት እንደሆነ ግን አልነገራትም።

የኤሊ ሆድ ገቡ። ውሃው እውነትም ይሞቃል። አሸዋው ላይ የእሳት አመድ አገኙ፤ አቲጃ እጇን ስትከተው በርዷል። የኮኮናት ልጣጭ የለ፣ የዓሣ አጥንት የለ። እሳት አንድዶ ምንም ሳይበላ የሄደ ሰው ነው።

«ሲያዝን አይበላም» አለች።

«እኔም የአባቱን ልጅ ስለማውቀው ነው ስንቅ ያበዛሁት» አሉ ቢቢ ዛይና።

ናሆዳ ናሶሮ አሸዋው ላይ ጎንበስ ብለው የጀልባዋ ሆድ የተወውን ምልክት አዩ። «ቀጥ ያለ ነው። ጠማማ ጣውላ አልገባበትም» አሉ።

የአሮጊት ጓዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ኦክቶፐስ ገመድ ላይ ሰቅሎ ያደርቃል። ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። አቲጃ መታገሥ አቃታት።

«አዲስ ጀልባ አላዩም፣ አባባ? አንድ ሰው?»

«አይቻለሁ። ውሃ ቀድቶ ሄደ። ሰላም ብዬው እንኳ በእጁ ነው የመለሰልኝ።» ዓሣ አጥማጁ ነጭ ፊቷን ላለማየት ወደ ባሕሩ ዞረ። «የሚያሳዝነው ጀልባዋ ናት። ጎኗ ላይ የሚያምር ጽሕፈት ነበረባት። እዚህ ፊቴ ቆሞ ሬንጅ ደፋበት። ለምን ታበላሻለህ ስለው፣ ‹ስሙ የሰው ነው፣ እኔ ልይዘው አይገባኝም› አለኝ።»

ቢቢ ዛይና የአቲጃን እጅ ያዙ። የማን ስም እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። አቲጃ አሁን ፍርሃት ፍርሃት አላት፤ የተቆጣ ሰው ይመለሳል፣ ለክብርሽ ብሎ የሸሸሽ ሰው ግን ምን ብለሽ ትመልሺዋለሽ?

ከዚያ ወዲያ ማደሪያ ሁሉ ባዶ ሆነ። የፔሊካኖቹ ጉድጓድ ፔሊካን ብቻ ነበረበት። የጨው በር ባዶ፣ የመንታዎቹ ዛፍ ባዶ። ነፋሱ ሲደክም ናሆዳ ናሶሮ በረጅም እንጨት እየገፉ ሄዱ፤ እንርዳዎት ሲባሉ ይቆጣሉ። ከዚያ አንድ ማለዳ አቲጃ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጣ ሙሲሮዋን እየፈገፈገች ሳለ ማጅራቷን ቀዝቃዛ ነገር ዳሰሳት። ቀና አለች። ሸራው በሌላ በኩል አበጠ።

የደቡቡ ነፋስ ነበር።

«አለቀ» አለች። እንጨቱ ከእጇ ወደቀ። «ዛሬ ይወጣል። አለቀ፣ አባባ።»

አባቷ ከመሪው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። ቢቢ ዛይና ወንድማቸውን ከልጅነት ጀምሮ ያውቋቸዋልና ጠጋ ብለው፣ «ናሶሮ፣ የምታውቀውን ተናገር» አሉ።

«አንድ ቦታ ይቀራል» አሉ ናሆዳ ናሶሮ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ጆሮ አልባ።»

አቲጃ ብድግ አለች። «ያውቁታል? እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«አባቴ ነው ያሳየኝ። አባት ለወንድ ልጁ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሌላ ሰው አያውቀውም። አላህ ደግሞ ለእኔ ወንድ ልጅ አልሰጠኝም።» መሪውን አጥብቀው ያዙ። «ለዚያ ልጅ አሳየሁት። ጎበዝ ነበር፣ ባሕሩን ይወደው ነበር፤ ቦታው ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ብዬ አሳየሁት። ከዚያ ሽማግሌ ሲልክብኝ ሳቅሁበት። እዚያ ሄጄ ባገኘው ምን ብዬ ላየው ነው? እያልኩ ሌላውን ሁሉ አስቀድሜ ዞርኩ።»

አቲጃ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ቁጣው አልመጣም። ይልቅ የአባቷን የነጣ ጺም አይታ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት እንዲህ ቀርባቸው አታውቅም ነበር።

*

ጆሮ አልባ የሚገባው ባሕሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ብቻ ነው። ከማንግሮቩ መሃል ጠባብ መንገድ አለ፤ ከውጭ ላየው መንገድ አይመስልም። ሸራቸውን አውርደው በእንጨት እየገፉ ገቡ። ቅጠሉ ግራና ቀኝ ጀልባዋን ይዳስሳል። ማዕበሉ ከኋላቸው ቀረ፤ ቀጥሎ ድምፁም ቀረ። አቲጃ የራሷን ትንፋሽ ትሰማለች።

መንገዱ ሲታጠፍ ከፊታቸው ጀልባ መጣች። አዲስ ጀልባ፤ ጎኗ ላይ ጥቁር ሬንጅ። ቻሌ መልህቁን ነቅሎ እየወጣ ነበር።

ሁለት ጀልባ እዚያ መንገድ ላይ አይተላለፍም።

«ናሆዳ!» አለ ቻሌ። ደነገጠ። አቲጃን ሲያያት ዓይኑን ወዲያው ወደ እግሩ መለሰ። «ናሆዳ፣ እንደምን ዋሉ። እባክዎ ወደ ኋላ ይበሉልኝ። ውሃው ሊጎድል ነው፣ ካልወጣሁ ጭቃ ላይ እቀራለሁ።»

ናሆዳ ናሶሮ እንጨታቸውን ጭቃው ውስጥ ተከሉና ጀልባቸውን አግድም አዞሯት። መንገዱ ጥርቅም አለ።

«አንተ ሰው፣ ሁላችንም እንቀራለን እኮ!» አሉ ቢቢ ዛይና።

«እንቅር። ስንቅ አብዝተሻል አይደል?»

አቲጃ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆመች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ በነነ። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው፣ አሁንም እንዳቀረቀረ።

«እመቤቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት።»

እርስዎ አላት! አጥር ሥር «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው!

«ለምኑ ነው ደስ የሚለኝ?»

«ለትዳርዎ። ባሕር ላይ ያሉትንም በሰላም ይመልስልዎ።»

«ተመልሷል! ደጄ ድረስ መጣ፣ አየኝ፣ እንደ ሌባ ዞሮ ሄደ!»

ቻሌ አልገባውም። ቀና ሊል ፈለገና ተወው።

«ቀና በል፣ እየኝ!»

«ነውር ነው።»

«ነውሩስ ያንተ ነው! ከሄድክበት ማለዳ ጀምሮ እንጨት የምፈገፍገው ለማን መሰለህ? መንደሩ ሲስቅብኝ፣ ጓደኞቼ ልጅ ሲስሙ፣ እኔ በየማለዳው ድንጋይና እንጨት ይዤ የምቀመጠው ለማን መሰለህ? ሌላ ባል ቢኖረኝ ይሄን ሁሉ ጭቃ ምን ያስገባኛል? ቻሌ፣ ባሕር ላይ ያለኝ ሰው አንተ ነህ! ሌላ ሰው ኖሮኝ አያውቅም!»

እዚያ ቦታ ምንም ድምፅ የለም አላልኩም? የመጨረሻዋ ቃል ማንግሮቩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ቻሌ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አያት። በደንብ አያት፤ ሊያምነው ያልደፈረው ነገር እየገባው ሄደ።

«በናሆዳ ቤት ሠርግ ነበር አሉኝ። ፊትሽን እስካይ ድረስ ግን አላመንኩም ነበር።»

«የሙዋናሻ ነው!»

«እኔ ነኝ ሩዙን የቀቀልኩት፣ እመሰክራለሁ!» አሉ ቢቢ ዛይና። «ደግሞ ትንሽ አርሮብኝ ነበር፣ እሱንም እመሰክራለሁ!»

ቻሌ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አቲጃ የሚስቅ መሰላት፤ ከዚያ የሚያለቅስ መሰላት፤ ሁለቱም ነበር። «ሬንጅ ደፋሁበት» አለ። «ስምሽ ላይ ሬንጅ ደፋሁበት።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ፍርሃት አቲጃ አየችው፤ የእሷም ፍርሃት ያ ነበር። ናሆዳ ናሶሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔን ምን ታየኛለህ? የራሱን ጀልባ ይዞ ይምጣ አልኩ። ይዘህ መጣህ። ቃሌ የባሕር ዳር አሸዋ መሰለህ?» ቆም አሉ። «ይህን ቦታ አሳይቼህ ሳለ ልጄን ከለከልኩህ። አጥፍቻለሁ። በቃ። አሁን ለዚች ልጅ ውሃ አፍስስላት፤ ቁርስ ላይ ነጭ ፊት ማየት ሰልችቶኛል።»

«ኒካ ሳይታሰር?» ቢቢ ዛይና ጮኹ። «ናሶሮ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሳታገባ የተቀባችውን ሳታገባ ብትታጠብ ምን ይገርማል? ኢቦ ስንገባ ሸሁን ትጠራለሽ።»

ቻሌ ለመንገድ የያዘውን የመጠጥ ውሃ በእንስራ አመጣ። የአዲሷ ጀልባ አፍንጫ የእነሱን ጀልባ ጎን ነክቷል። አቲጃ ጎንበስ ብላ እጆቿን ዘረጋች። የመጀመሪያው ውሃ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ሳቁ። ሁለተኛው እጇ ላይ ገባ። ፊቷን አሸች። ነጩ ቅባት በጣቶቿ መሃል እየቀለጠ ወረደ፤ ከእሱ ጋር የመንደሩ ሳቅ፣ የማለዳው ድንጋይ፣ ያ የዞረው ሸራ፣ ሁሉም ወረደ። አየሩ ጉንጯን ሲነካው እንደ አዲስ ቆዳ ተሰማት። ቀና ስትል ቻሌ እያያት ነበር።

«አቲጃ» አለ። «አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች። በረዥሙ ተነፈሰች።

ውሃው ጎደለ። ሁለቱም ጀልባዎች ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ባሕሩ ተመልሶ እስኪሞላ የትም መሄድ የለም። ቢቢ ዛይና ስንቃቸውን ፈትተው፣ «ይሄ ከሲታ መጀመሪያ ይብላ» እያሉ ለቻሌ የኮኮናት ሩዝና የደረቀ ዓሣ ያቀርቡለታል። እሱም በላ። በጣም በላ።

ናሆዳ ናሶሮ ግን አልተቀመጡም። ጭቃው ውስጥ ወርደው አዲሷን ጀልባ ይዞሯታል። ጣውላዋን በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ስንጥቋን ይዳስሳሉ። ከዚያ ቢላቸውን አወጡና ሬንጁን ቀስ እያሉ መፋቅ ጀመሩ። በዓረብ ፊደል የተቀረጸ ጽሕፈት ከሥሩ ብቅ አለ። አንዷን ፊደል በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ድምፅ አውጥተው አነበቧት፤ ቀጣይዋን ፋቁ፤ እሷንም አነበቡ። ሙሉው ስም ሲወጣ ቢላቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አቲጃ ከላይ ሆና አየቻቸው፤ ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ ምነው?»

«ምንም» አሉ ሽማግሌው፣ መዳፋቸውን ስሟ ላይ አድርገው። «ጀልባዋን ለማየት አይደል የመጣሁት? አየኋት። ጥሩ ጀልባ ናት።»